በሠርግሽ ቀን ራስሽን ምሰዪ፦ ሜካፕ ለቀይ፣ ለጠይምና ለጥቁር ሙሽሮች

ጥር ሲመጣ የሠርግ ፎቶው ይጎርፋል። ብዙዎቹ ላይ አንድ ነገር ዓይን ይይዛል፤ የሙሽራዋ ፊት ሌላ፣ አንገቷ ሌላ፣ አበባውን የያዘው እጇ ደግሞ ሌላ ቀለም ነው። ጠይሟ ልጅ በአንድ ሌሊት «ቀልታ» ታድራለች። ቀረብ ብለሽ ስታይው ግን ቅላት እንኳን አይደለም፣ አመድ የተነፋባት ነው የምትመስለው። ዘመድ «አማረባት» ይላል። እሷ ግን ከዓመት በኋላ አልበሙን ስትገልጥ ራሷን ታጣዋለች። ይሄ ነገር ከልቤ ያሳዝነኛል። ሙሽራ የምታምረው በራሷ ቀለም ነው፤ የሜካፕ ሥራ ያንን ቀለም አጥርቶ ማሳየት እንጂ በሌላ መተካት አይደለም። ከዚህ በታች የምነግርሽ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ ቆዳው

ሠርግሽ ሦስት ወር ሲቀረው ስለ ሊፕስቲክ አታስቢ። ስለ ቆዳሽ አስቢ። ብዙ ነገር አያስፈልግሽም፤ ፊት የማያደርቅ መታጠቢያ፣ ለቆዳሽ የሚስማማ ቅባት፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ የፀሐይ መከላከያ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው፣ ስለዚህ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ፀሐዩ ቆዳን ይጎዳል። ማዲያት ያለብሽ ከሆነ ደግሞ ይሄ ለምርጫ የሚተው ነገር አይደለም፤ ማዲያት ፀሐይ ባገኘ ቁጥር ይጠቁራል፣ በሠርጉ ቀን የምትደርቢውም ፋውንዴሽን (ፊትን አንድ የሚያደርገው መደብ ቀለም) በዚያው ልክ ይወፍራል።

ማቅያ ክሬም የምትቀቢ ከሆነ አሁኑኑ በግልጽ እንነጋገር። ገበያ ላይ ካሉት ብዙዎቹ ስቴሮይድ ወይም ሃይድሮኪኖን አለባቸው፣ አንዳንዶቹ ሜርኩሪም ተገኝቶባቸዋል። ስቴሮይድ ቆዳን ያሳሳል፤ የሳሳ ቆዳ ፀሐይ ሲነካው ይቀላል፣ ሜካፕ ሲያርፍበት ያሳክካል፣ ብጉርም ያወጣል። ግን «አንብቤ ነቃሁ» ብለሽ ሠርግሽ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በድንገት አታቁሚው፣ ቆዳው ሊቆጣ ይችላል። የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ። አለርት ሆስፒታልም ሆነ ሌላ የቆዳ ክሊኒክ፣ ብቻ ጊዜ ሳለ ሂጂ።

ቅቤ ሌላው ነው። ፀጉርን ለሠርግ በቅቤ ማሳመር ደስ የሚል ወግ ነው፣ አልቃወምም። ነገር ግን ቅቤው ሌሊት ቀልጦ ግንባር ላይ ይወርዳል፣ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ከዚያ ልክ በፀጉሩ መስመር ላይ ትናንሽ ብጉሮች ይደረደራሉ። ቅቤውን ከሠርጉ ሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ጨርሺ። ስትቀቢም ግንባርሽን በሻሽ እሰሪ፣ ጠዋት ፊትሽን በደንብ ታጠቢ።

ወይባ የምትገቢ ከሆነ ይህን ልብ በይ። ጢሱ ቆዳው ላይ የራሱን ቀለም ይተዋል፣ ከቀናት በኋላም ይላጣል። ስለዚህ ፋውንዴሽንሽን ከወይባ በፊት አስመርጠሽ ከሆነ በሠርጉ ቀን ደረትሽና ክንድሽ ሌላ ቀለም ሆነው ያገኙሻል። ቀለም የሚመረጠው ወይባው ካለቀ በኋላ ነው። ፊትሽን ከጢሱ አርቂ። የመጨረሻውንም ዙር እስከ ሠርጉ ዋዜማ አትግፊው፣ እየተላጠ ባለ ቆዳ ላይ ምንም ነገር አያርፍም።

ፌሻል፣ ስክራብ፣ አዲስ ማስክ፣ ጓደኛሽ «ተአምር ነው» ያለችሽ ሴረም፣ እነዚህ ሁሉ በመጨረሻው ሳምንት ክልክል ናቸው። ሬቲኖል የምትጠቀሚ ከሆነ ሳምንት ሲቀረው አቁሚ። ቅንድብና የላይ ከንፈር ፀጉር በክርም ሆነ በሰም የሚነሳው ከሦስት እስከ አምስት ቀን ቀደም ብሎ ነው፤ ዋዜማ ላይ ከተነሳ ቆዳው ይቀላል፣ ሜካፑም እዚያ ቦታ ላይ ይንሸራተታል።

እንሶስላም ሆነ ሂና ለእጅሽ አስቀድመሽ ልትሠሪ ትችያለሽ። «ጥቁር ሂና» ተብሎ የሚሸጠውን ግን ተጠንቀቂ። በጣም ጥቁር እንዲሆን የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ይጨመርበታል፣ ቆዳ ሊያቆስልም ይችላል።

የራስሽን ቀለም ማግኘት

ትልቁ ጉዳይ እዚህ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ቆዳ ሁለት ነገር አለው። አንዱ ላዩ ላይ የሚታየው ነው፤ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር የምንለው። ሌላው ከሥር የሚያበራው ነው፤ ሙያተኞቹ አንደርቶን ይሉታል። ሁለት ጠይም እህትማማቾች እኩል ጠይም ሆነው አንዷ ከሥሯ ወደ ወርቃማ፣ ሌላዋ ወደ ቀላ ያለ ልትሄድ ትችላለች። የብዙዎቻችን ቆዳ ከሥሩ ወርቃማ፣ ቀላ ያለ ወይም ወደ ወይራ ቅጠል የሚያደላ ነው። ሱቅ የሚገኘው ፋውንዴሽን ደግሞ አንዳንዴ ከሥሩ ሮዝ የበዛበት ይሆናል። ወርቃማ ቆዳ ላይ ሮዝ ፋውንዴሽን ሲያርፍ ነው ያ አመድማ፣ አንዳንዴም ወይን ጠጅ የሚመስል ፊት የሚመጣው። ልጅቷ ደግሞ ያነሰባት መስሏት ሌላ ትጨምርበታለች።

በኢንተርኔት ላይ «የእጅሽን ደም ሥር እዪ፣ አረንጓዴ ከሆነ እንዲህ፣ ሰማያዊ ከሆነ እንዲያ» የሚል ምክር ሞልቷል። ለነጣ ቆዳ ይሠራ ይሆናል፣ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ግን ደም ሥሩ በደንብ ስለማይታይ ያሳስታል። ከዚያ ይልቅ ሦስት የሚቀራረቡ ፋውንዴሽኖች ውሰጂ፣ ከመንጋጋሽ እስከ አንገትሽ ሦስት መስመር አስምሪ፣ ከዚያ ከሱቁ ውጪ። ደጅ ቁሚ፣ ግን ፀሐዩ ፊትሽ ላይ እንዳይወርድ ጥላ ውስጥ። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቂ፣ ምክንያቱም አንዳንድ ፋውንዴሽን ከአየርና ከቆዳ ቅባት ጋር ሲገናኝ እየጠቆረ ወይም ወደ ብርቱካናማ እየሄደ ነው የሚመጣው። የጠፋብሽ መስመር፣ «የቱ ነበር?» ብለሽ የምትፈልጊው፣ እሱ ያንቺ ነው። በእጅ ጀርባ ላይ ሞክሮ መግዛት አይሆንም። የእጅሽ ጀርባ የፊትሽ ቀለም አይደለም።

የፊትሽና የአንገትሽ ቀለም ከተለያየ ደግሞ (የብዙዎቻችን ይለያያል) ደረትሽን እዪ። ቬሎ ደረት ያሳያል። ፊቱ ከደረቱ ጋር ሲገጥም ሰው ሁሉ «ምን ያህል ጥሩ ቆዳ አላት» ነው የሚለው፣ ሜካፑን አያየውም።

ፊት ራሱ አንድ ቀለም እንዳልሆነም እወቂ። ግንባርና የአፍ ዙሪያ ጠቆር፣ መሃሉ ፈካ ይላል። በተለይ ጠይምና ጥቁር ልጆች ላይ ጎልቶ ይታያል። ጎበዝ ባለሙያ ይህንን በአንድ ፋውንዴሽን አትለቀልቀውም። ሁለት ቀለም ትይዛለች፣ ጠቆር ያለውን ዳር ዳር፣ ፈካ ያለውን መሃል ታደርጋለች። ያኔ ፊቱ ጠፍጣፋ ሳይሆን ሕይወት ያለው ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሜ ልናገር፣ ምክንያቱም ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ስትጠየቂ ያመነታሻል። «ትንሽ ላቅላሽ?» ስትባዪ መልሱ «አይ፣ የደረቴን ቀለም ስጪኝ» ነው። በትሕትና፣ ግን በግልጽ። እናትሽም፣ አክስትሽም፣ ሚዜዎችሽም ይህንን አስቀድመው ይስሙ።

ቀይ ከሆንሽ

ቀይ ልጅ ላይ የሚያስቸግረው የአፍንጫ ዳርና ጉንጭ ላይ የሚወጣው ቅላት ነው፤ አንዲት ብጉር ጥላው የሄደው ምልክትም ቶሎ ይታያል። ከሥሩ ቢጫ ያለው ፋውንዴሽን ቅላቱን ራሱ ያበርደዋል፣ ብዙ መደራረብ አያስፈልግም። ከዓይን ሥር ያለው ጥቁረት ላይ ኮክ የሚመስል ማስተካከያ (ከፋውንዴሽኑ በፊት ጥቁረትን የሚያጠፋ ቀለም) በጣም በስሱ። ብላሹ (የጉንጭ ቀለሙ) ኮክማ ወይም ለስላሳ ሮዝ። የካሜራ ፍላሽ ቀይ ፊትን ያጠፋዋል፣ ቅርጹ ይሟሟል፣ ስለዚህ ዓይንና ቅንድብ በደንብ መሠራት አለባቸው። ቅንድቡ ግን በከሰል ጥቁር አይሁን። ደፈን ያለ ቡኒ በቂ ነው፣ ጥቁሩ ፊትሽን ያኮሳትረዋል።

ጠይም ከሆንሽ

አብዛኞቻችን እዚህ ነን። የብስል ቀይዋም፣ ጠየም ያለችውም፣ ድፍን ጠይሟም። ይህ ቆዳ በሜካፕ ዓለም ውስጥ በጣም የታደለ ነው፤ ወርቃማው ሁሉ፣ መዳብ የሚመስለው ሁሉ፣ የጡብ ቀለሙም፣ የማርም ቀለም ያምርበታል። ዓይን ላይ ነሐስና መዳብ፣ ጉንጭ ላይ ብርቱካናማ ወይም የሸክላ ቀለም፣ ከንፈር ላይ ቡናማ ሮዝ ወይም ሞቅ ያለ ቀይ። ቬሎው ድፍን ነጭ ከሆነ ቀይ ሊፕስቲክ አትፍሪ። ክሬም ከሆነ ሸክላማው ይበልጥ ይስማማዋል።

የጠይም ልጅ ፈተናዋ ኮንሲለር ነው፤ ከዓይን ሥርና ምልክት ላይ የሚደረገው መሸፈኛ። ከዓይን ሥር ሦስት ደረጃ የሚፈካ ኮንሲለር ተደርጎ፣ በላዩ ነጭ ፓውደር ተነስንሶ፣ መነጽር ያደረገች የምትመስል ሙሽራ ስንት አይተናል። መጀመሪያ ጥቁረቱን በኮክማ ወይም ብርቱካናማ ማስተካከያ አጥፊው። ከዚያ ኮንሲለሩ ከፋውንዴሽንሽ አንድ ደረጃ ብቻ ይፍካ። አለቀ።

ማዲያትም በዚሁ መንገድ ነው የሚሸፈነው። ማዲያቱ ባለበት ላይ ብቻ፣ ብርቱካናማውን በጣት ጫፍ መታ መታ አድርገሽ፣ አድርቀሽ፣ ፋውንዴሽኑን ሳታሺ በስፖንጅ እየጫንሽ። ማሸት የሠራሽውን ያነሳዋል።

ጥቁር ከሆንሽ

ጥቁር ሙሽራ ላይ ነው ብዙ በደል የሚሠራው፣ ስለዚህ እዚህ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። የሜካፕ ባለሙያዋ ሣጥኗን ስትከፍት ለአንቺ የሚሆን ጠቆር ያለ ፋውንዴሽን ከሌላት፣ «እቀላቅለዋለሁ» ብትልሽም፣ ሌላ ሰው ፈልጊ። ቡኒ ፋውንዴሽን ላይ ጥቁር አይሻዶ ቀላቅሎ የሚመጣው ቀለም ሬሳ ያስመስላል። ጥቁር ቆዳ ከሥሩ ቀይ፣ ወርቅ ወይም ሰማያዊ ያዘለ ሀብታም ቀለም ነው። የሚፈልገውም ያንን ያዘለ ፋውንዴሽን ነው።

ቀለም አትፍሪ። ቀይ ልጅ ላይ የሚጮኸው ቀለም አንቺ ላይ ልክ ይሆናል። ብላሽሽ ደማቅ ብርቱካናማ፣ የጡብ ቀይ ወይም የእንጆሪ ቀለም ይሁን፤ ሐመር ሮዝ ብላሽ አንቺ ላይ ዱቄት ነው። ዓይንሽ ላይ ወርቅ፣ መዳብ፣ ድፍን ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ። ሃይላይተሩ (ማብለጭለጫው) ወርቃማ ወይም መዳብማ ይሁን እንጂ ብርማ ወይም ነጭ አይሁን። ከንፈር ላይ ድፍን ቀይና የወይን ጠጅ ቀለም ግርማ ይሰጡሻል። ኮንቱር (ፊትን ጠቆር ባለ ቀለም መቅረጽ) ብዙም አያስፈልግሽም፣ የጉንጭሽ አጥንት ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ይወጣል። ማስተካከያው ብርቱካናማ፣ በጣም ጥቁር ምልክት ላይ ደግሞ ወደ ቀይ የሚሄድ ነው። ፓውደር ነጭ አይሁን፣ «ቀለም የለውም» ተብሎ የሚሸጠውም ቢሆን። የቆዳሽ ቀለም ያለውን ፓውደር ያዢ።

ሁላችሁም ስለ ፍላሽ ይህን እወቁ። ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የያዘ የፀሐይ መከላከያ፣ በሲሊካ የተሠራ ነጭ ፓውደርም፣ በመስተዋት ደህና ሆኖ በካሜራ ፍላሽ ግን ፊትን ነጭ ያደርጋል። ለሙከራ ስትሠሪ ክፍሉን አጨልመሽ በስልክሽ ፍላሽ ፎቶ ተነሺ። እዚያው ይታወቃል።

ዓይን

ያገራችን ሴት ዓይኗ ትልቅ ነው እንላለን፣ ሁሉም ግን አንድ አይደለም። ዓይንሽ ጎላ ብሎ ወደ ፊት የወጣ ከሆነ ቆቡ መሃል ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር አታድርጊ፣ የበለጠ ያወጣዋል። ድፍን፣ የማያብረቀርቅ ቡኒ ከሽፋሽፍቱ ሥር ወደ ላይ እየሳሳ ይሂድ፣ ኩል ደግሞ ከውስጥ ይግባ። ወደ ውስጥ ገባ ያለ ከሆነ በተቃራኒው ቆቡ ላይ ብርሃን ያስፈልገዋል፣ ጥቁሩ ወደ ውጭ ጥግ ይሂድ። ቆቡ የተከደነ ከሆነ አይላይነሩ ዓይንሽ ተገልጦ፣ ወደ ፊት እያየሽ ነው የሚሰመረው። ተጨፍኖ የተሠራ ውብ ክንፍ ስትገልጪው እጥፋቱ ውስጥ ይጠፋል። ትንሽ ዓይን ላይ የውስጡን መስመር በጥቁር ኩል አትዝጊው፣ የቆዳ ቀለም ባለው እርሳስ ክፈችው።

ባህላዊው ኩል ያምራል። ግን ከድንጋይ የሚፈጨው ኩል እርሳስ የሚባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖርበት ይችላል፣ ሲያለቅሱበትም ይወርዳል። ለሠርጉ ቀን ውኃ የማይነካው የፔንስል ኩል ይበልጣል።

ላሽ (የሚለጠፍ ሽፋሽፍት) ስትመርጪ ረጅሙን ሳይሆን ቀላሉን ምረጪ። ቀኑን ሙሉ የምትሸከሚው አንቺ ነሽ። ሙጫውን ከሁለት ቀን በፊት ክንድሽ ውስጥ ጠብ አድርገሽ ሞክሪው፤ ብዙዎቹ ላቴክስ አለባቸው፣ የማይስማማትን ሴት ዓይኗን ያሳብጣታል። መነጽር የምታደርጊ ከሆነ ላሹ መስተዋቱን እንዳይነካ አድርገሽ ለኪ፣ በፎቶ ጊዜም መነጽርሽን ለማውለቅ አትገደጂ። ሁልጊዜ የምታደርጊው ከሆነ እሱም ፊትሽ ነው።

አፍንጫ፣ ግንባር፣ ጉንጭ

ሰልካካ አፍንጫ ላይ ኮንቱር ለምን እንደሚደረግ አይገባኝም። ያለውን መስመር እንደገና ማስመር ነው። ሰፋ ያለ አፍንጫም ቢሆን በሁለት ቡናማ መስመር «ሊጠብ» አይችልም፤ በሳሎኑ መብራት ያለ የሚመስለው ቀን ብርሃን ላይ ሁለት መስመር ሆኖ ይቀራል። ማድረግ ካለብሽ በጣም ስስ፣ እስኪጠፋ ድረስ የተሠራ ይሁን።

ግንባር ግን ትኩረት ይፈልጋል። በተለይ በመልስ ቀን ሹሩባ ስትሠሪ ግንባሩ ይወጣል፣ የራስ ቆዳም በመስመሮቹ መሃል ይታያል። ፋውንዴሽኑ ከፀጉሩ ሥር በፊት ቆሞ ከቀረ እንደ ጭንብል ነው። እስከ ፀጉሩ ድረስ ይውጣና እዚያ ይሳሳ። ግንባርሽ ሰፊ መስሎ ከታየሽ ዳር ዳሩን ጠቆር ባለ ፓውደር አስማሚ።

ክብ ፊት ላይ ብላሹ ከጉንጭ አጥንት ላይ ወደ ጆሮ ሽቅብ ይሂድ። ረዘም ያለ ፊት ላይ አግድም ይሁን።

ንቅሳት ያላት ሙሽራ ካጋጠመቻችሁ፣ ባለሙያዎች፣ መጀመሪያ ጠይቁ። ግንባሯ ላይ ያለው መስቀል ወይም የአንገቷ ንቅሳት «የሚደበቅ ነገር» ነው ብላችሁ አትወስኑላት። ይሸፈን ካለች ብቻ ሰማያዊ አረንጓዴው ቀለም በብርቱካናማ ይስተካከልና ፋውንዴሽን ይደረብበታል።

ከንፈርና ጥርስ

ብዙዎቻችን ከንፈራችን ሁለት ቀለም ነው፤ ላይኛው ጠቆር፣ ታችኛው ሮዝ። ተፈጥሮ ነው፣ የሚታከም ነገር አይደለም። ሊፕስቲክ ግን በሁለቱ ላይ ሁለት ቀለም ሆኖ ይወጣል። ቡኒ ሊፕ ላይነር ወስደሽ ታችኛውን ከንፈር ሙሉውን ቀለም አልብሺው፣ ላይኛውን ዳሩን ብቻ፣ ከዚያ ሊፕስቲኩን ደርቢ። እኩል ይሆናል።

ጥርስን ደግሞ ማንም አያስታውሰውም። በስምጥ ሸለቆ፣ ወንጂና ዝዋይ አካባቢ ያደግሽ ከሆነ ውኃው ውስጥ ባለው ፍሎራይድ ምክንያት ጥርስሽ ቡኒ ሊያዝል ይችላል። ይህ አፍሽን ሸፍነሽ የምትስቂበት ምክንያት አይሁን። ብርቱካናማና ቡናማ ሊፕስቲክ ጥርስን ያጠቁረዋል። ከሥሩ ሰማያዊ ያለው ቀይና የእንጆሪ ቀለም ያነጣዋል። ፍንጭት ካለሽማ ምን አለ፣ ሳቂበት።

የዕለቱ ነገር

ሙከራ ሳታደርጊ ሠርግ አትግቢ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሲቀር፣ ቀን ላይ፣ ነጭ ልብስ ለብሰሽ ተሠሪ፣ ከዚያ እስከ ማታ ፊትሽ ላይ ይዋል። የትኛው ቦታ ቀድሞ እንደሚሰነጠቅ፣ የት እንደሚወዛ ያኔ ታውቂያለሽ። ባለሙያ ስትመርጪም በፊልተር ያልተነካ፣ በቀን ብርሃን የተነሳ፣ ያንቺን ቀለም የምትመስል ሴት ፎቶ ጠይቂ። አንድም ካላሳየችሽ ነገሩ ገባሽ ማለት ነው። የራስሽን ዕቃ የምትገዢ ከሆነ ደግሞ ፎርጅዱን ተጠንቀቂ፤ የታወቀ ስም በጣም ረክሶ ካየሽው፣ የመጠቀሚያ ጊዜው ከተፋቀ፣ ሽታው ከከረረሽ ተይው።

ውጭ አገር የምታገቢ እህቴ፣ አንቺ ደግሞ ዕቃ አታጪም። ፌንቲ ቢውቲ በ2017 በ40 ቀለም ፋውንዴሽን ገበያ ከገባ ወዲህ ሌሎቹም ጠቆር ያለውን እያበዙ መጥተዋል፣ ከዚያ በፊትም በሶማሊያ የተወለደችው ኢማን በ1994 ለጥቁር ሴቶች ብላ የራሷን ሜካፕ አውጥታ ነበር። አንቺ የምታጪው የኛን ቆዳ የሚያውቅ እጅ ነው። ስለዚህ ፋውንዴሽንሽን ራስሽ መርጠሽ ይዘሽ ሂጂ። አገር ቤት መጥተሽ የምትሠርጊ ከሆነ ግን ቀለምሽን እዚህ ደርሰሽ ከተወሰነ ቀን በኋላ እንደገና እዪው። የውጭ አገሩን ክረምት ቆዳሽን ይዘሽ ትመጪና የጥር ፀሐይ ይቀይረዋል።

አሁን ሰዓቱን እናስላ። ሙሽራው ጠዋት 4 ሰዓት በር ላይ ይደርሳል ከተባለ ፀጉርም ሜካፕም ያለው ሥራ ሌሊት 10 ሰዓት መጀመር አለበት። ማታ 3 ሰዓት ላይ ኬክ ትቆርሻለሽ። ይህ ሜካፕ ከአሥራ አምስት ሰዓት በላይ ሊቆም ነው ማለት ነው። በተክሊል የምትጋቢ ከሆነ ደግሞ ጠዋቱ ሌላ ነው፤ ቅዱስ ቁርባን ስለምትቀበዪ ሊፕስቲክ አይነካሽም፣ ፊትሽም ቀለል ይበል፣ ለፎቶና ለድግሱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይሞላል። ሙስሊም እህቶቼ ሰላቱን አስቡበት። ውዱእ ከሜካፕ በፊት ይደረግ፣ የጥፍር ቀለም ውኃ ስለሚከለክል በሂና ይተካ።

ስትሠሪ ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ ልበሺ፣ ሜካፑ ሳይበላሽ እንዲወልቅ። የጥር ጠዋት አዲስ አበባ ላይ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው፣ ስለዚህ ቅባትሽን ተቀቢና እስኪገባ አሥር ደቂቃ ስጪው። ፋውንዴሽኑ በስሱ ሁለት ጊዜ እንጂ በወፍራሙ አንድ ጊዜ አይሁን። ፓውደሩ ግንባር፣ አፍንጫና አገጭ ላይ ብቻ። ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ ወይም አዳማ ላይ ከሆነ ሠርጉ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቅባቱ ይቀንሳል፣ ላብ የሚችል ፕራይመር (ከፋውንዴሽን በፊት የሚቀባው) እና ሴቲንግ ስፕሬይ (መጨረሻ ላይ የሚረጨው ማጽኛ) ግድ ይሆናል። ቬሎው የሚነካው ቦታ ላይ ፋውንዴሽን አታድርጊ፣ ነጭ ጨርቅ ምሕረት የለውም።

ከቤት ስትወጪ የእናትና የአባትሽን ጉልበት ትስሚያለሽ። ያኔ ታለቅሻለሽ። ሁሉም ታለቅሳለች። ስለዚህ ማስካራውም ኩሉም ውኃ የማይነካው ይሁን። እንባው ሲመጣ አትጥረጊው፣ ሶፍት አጥፈሽ ከዓይንሽ ሥር ያዢው፣ ይምጠጠው። ከዚያ ደግሞ መቶ ሰው ጉንጭሽን ይስምሻል። አንዷ ሚዜ ትንሽ ቦርሳ ትያዝልሽ፤ ሊፕስቲኩ፣ የቆዳሽ ቀለም ያለው ፓውደር፣ ወዝ የሚመጥ ወረቀት፣ ሶፍት፣ የላሽ ሙጫ፣ መስተዋት። ወዝ ሲመጣ መጀመሪያ በወረቀቱ ምጠጪ፣ ፓውደሩ ቀጥሎ። በወዝ ላይ ፓውደር ሲደረብ ይጋገራል።

ፎቶ ላይ ግዮንም ሁኚ እንጦጦ፣ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ አትቁሚ። ከዓይን ሥር ጥላ ይወድቃል፣ የትኛውም ኮንሲለር አያድነውም። ለምለም ሣር አጠገብ ደግሞ አገጭሽ ላይ አረንጓዴ ይመታል። የጠራ ጥላ ፈልጊ፣ ወይም ፎቶ አንሺውን 10 ሰዓት እንዲሆን ለምኚው።

መልስ

ለመልሱ ሜካፕ የቬሎውን አትድገሚ። ጥለቱ ያለው ሐበሻ ቀሚስ፣ በወርቅ የተጠለፈው ካባ፣ ሹሩባው፣ የአንገትና የግንባሩ ወርቅ፣ ይህ ሁሉ ራሱ ብዙ ያወራል። ፊቱ ጸጥ ይበል። ቆዳው እንዲተነፍስ ፋውንዴሽኑን አሳሺው፣ ዓይኑን በኩል አጥብቂው፣ ከንፈሩን በሸክላማ ወይም በቡናማ ቀለም፣ ሃይላይተሩን ወርቁ ስላለ ተይው። ጥለቱ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ከሆነ አይሻዶውን ከጥለቱ ጋር ማመሳሰል ያምርሻል፣ እኔ ግን ነሐስ ላይ ብትቆዪ እመርጣለሁ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን በሠርጉ ማታ ምንም ያህል ቢደክምሽ ፊትሽን ካጸዳሽ ነው። ላሹን አትንቀዪው፣ በዘይት የራሰ ጥጥ ሙጫው ላይ ለአንድ ደቂቃ ያዢና ራሱ ይለቃል። ዘይቱ ወይም ማጽጃው መጀመሪያ በደረቅ ፊት ላይ ይታሽ፣ ከዚያ በለብታ ውኃና በመታጠቢያው፣ በፎጣ ሳትፈትጊ። ቅባትሽን በደንብ ተቀቢና ተኚ። ባለሙያዋ ጠዋት ስትመጣ ንጹሕ ቆዳ ታገኛለች።